ከርል ስትሰሩ ብረቱን የሚያነሳው ማነው? የባይሴፕስ ትክክለኛ አሰራር

ጂም ውስጥ ካሉ እንቅስቃሴዎች ሁሉ ቀላል የሚመስለው የባይሴፕስ (የላይኛው ክንድ የፊት ጡንቻ) ከርል ነው፣ ዳምቤሉን፣ ማለትም በአንድ እጅ የሚያዘውን አጭር ብረት፣ ክርናችሁን እያጠፋችሁ ታነሳላችሁ ታወርዳላችሁ፣ አለቀ። ስኳት (ብረት ተሸክሞ ቁጢጥ ብሎ መነሳት) የሚጀምር ሰው ቢያንስ አንድ ሰው ጠይቆ ወይ ቪዲዮ አይቶ ነው የሚገባበት፣ ከርልን ግን ማንም አይጠይቅም፣ ሁሉም በመጀመሪያው ቀን ዳምቤሉ ያለበት ጋ ሄዶ አንስቶ ይጀምራል። ከዛ ወራት ያልፋሉ፣ የሚይዘው ኪሎ እየጨመረ ነው ግን ክንዱ ያው ክንድ ነው፣ እጅጌው ምንም አልጠበበውም፣ አንዳንዱን ጭራሽ ትከሻው ከፊት በኩል ማመም ይጀምረዋል፣ ሌላውን ደግሞ ወገቡን ይይዘዋል። ምክንያቱ ብዙ ጊዜ አንድ ነው። ብረቱ ወደ ላይ እየወጣ ነው ግን የሚያወጣው ባይሴፕስ ብቻውን ሳይሆን ወገብም ትከሻም የእጅ አንጓም ተረባርበው ነው። ስለዚህ ስራውን መስራት ላለበት ጡንቻ እንዴት አድርገን እንደምንሰጠው እንይ።

መጀመሪያ ጡንቻውን እንወቀው፣ እሱን ሳናውቅ ፎርም (የእንቅስቃሴው ትክክለኛ አሰራር) ዝም ብሎ የትእዛዝ ዝርዝር ይሆንብናል። ባይሴፕስ ከላይ ሁለት ራስ አለው፣ ረጅሙ ራስ እና አጭሩ ራስ ይባላሉ፣ ሁለቱም የሚነሱት ከኋላ በኩል ካለው ጠፍጣፋ የትከሻ አጥንት ነው። ከዛ ወደ ታች ወርደው አንድ ይሆኑና ክርንን ተሻግረው በአውራ ጣት በኩል ካለው የታችኛው ክንድ አጥንት ላይ በጅማት ይያያዛሉ። አስተውሉ፣ ከላይኛው ክንድ አጥንት ላይ አንድም ቦታ አልተያያዘም፣ ከላዩ አልፎት ነው የሚሄደው፣ ማለትም ትከሻንም ክርንንም ይሻገራል። ስለዚህ ሶስት ስራ አለው፣ ዋናው ክርንን ማጠፍ ነው፣ ሁለተኛው መዳፍን ወደ ላይ ማዞር ነው፣ ሶስተኛው ክንድን ወደ ፊት ስናነሳ ትንሽ ያግዛል።

ሁለተኛውን ብዙ ሰው አያውቀውም፣ እዚሁ እያነበባችሁ ሞክሩት። ቀኝ ክርናችሁን 90 ዲግሪ እጠፉት፣ መዳፋችሁ ወደ መሬት ይይ፣ በግራ እጃችሁ ቀኝ ባይሴፕሳችሁን ጨበጥ አድርጉት። አሁን ክርኑን ምንም ሳታንቀሳቅሱ መዳፋችሁን ወደ ጣሪያ አዙሩት፣ ጥግ ድረስ አዙሩት። ጡንቻው ከእጃችሁ ስር ሰብሰብ ብሎ ሲጠነክር ይሰማችኋል። ወደ መሬት ስትመልሱት ደግሞ ይላላል። ክርናችሁ አንድ ዲግሪ አልታጠፈም፣ ባይሴፕሱ ግን ሰርቷል። በከርል ላይ መዳፍ ወደ ላይ ይይ የሚባለው ለዚህ ነው፣ መዳፉ በግማሽ ከዞረ ወይም ወደ ታች ካየ ባይሴፕሱ ሙሉ አቅሙን አይሰጥም፣ ስራው ወደ ሌሎች ይሄዳል።

ሌሎቹ እነማን ናቸው ካላችሁ፣ ከባይሴፕስ ስር ብራኪያሊስ የሚባል ጡንቻ አለ፣ እሱ ክርን ከማጠፍ ውጪ ሌላ ስራ የለውም፣ መዳፍ ወዴትም ቢዞር ይሰራል። እሱ ሲያድግ ባይሴፕሱን ከስር ወደ ላይ ስለሚገፋው ክንድ ወፈር ብሎ ይታያል። በታችኛው ክንድ ላይ በአውራ ጣት በኩል ደግሞ ብራኪዮራዲያሊስ አለ፣ አውራ ጣት ወደ ላይ ሆኖ የሚሰራው ሃመር ከርል እነዚህን ሁለቱን በደንብ የሚያሰራው በዚህ ምክንያት ነው። ሃመርም ጥሩ ነው፣ መሰራት አለበት፣ ግን ባይሴፕስ እየሰራሁ ነው ብሎ እሱን ብቻ የሚሰራ ሰው ግማሽ መንገድ ነው የሄደው።

አሁን ስለ ክብደቱ። 10 ኪሎ ዳምቤል ይዛችሁ ክርናችሁ 90 ዲግሪ ታጥፎ የታችኛው ክንዳችሁ ከመሬት ጋር ትይዩ ሲሆን ዳምቤሉ ከክርናችሁ ወደ 32 ሴንቲ ሜትር አካባቢ ይርቃል፣ የባይሴፕሱ ጅማት ግን ክንዱን የሚጎትተው ከክርን ወደ 4 ሴንቲ ሜትር ብቻ ርቆ ነው። 32 ለ 4 ሲካፈል 8 ነው፣ ስለዚህ 10 ኪሎውን እዛ ቦታ ላይ ለማቆም ብቻ ክርን አጣፊዎቹ ጡንቻዎች በጋራ 80 ኪሎ የሚያህል ጉልበት መጎተት አለባቸው። የሰው ክንድ ርዝመት ስለሚለያይ ቁጥሩ ትንሽ ከፍ ዝቅ ይላል፣ የክንዱን የራሱን ክብደትም አልቆጠርንም፣ ግን ሀሳቡ ያው ነው። 10 ኪሎ ቀለለኝ ብሎ የሚያፍር ሰው ይሄን ቢያውቅ ጥሩ ነው፣ ጡንቻው የሚሸከመው ዳምቤሉ ላይ የተጻፈውን ቁጥር አይደለም።

ከዚሁ ሂሳብ ሌላም ነገር ይወጣል። ክንዱ ወደ ታች ተንጠልጥሎ ሲሆን ዳምቤሉ ከክርኑ ስር ነው ያለው፣ ወደ ጎን የሚርቀው ርቀት ትንሽ ስለሆነ ጫናው ትንሽ ነው። ወደ ላይ ስትሄዱ እየከበደ ይመጣል፣ 90 ዲግሪ ላይ ከሁሉም ይከብዳል፣ ከዛ በኋላ መልሶ እየቀለለ ይሄዳል። ቆማችሁ በዳምቤል ስትሰሩ መሃል ላይ የምትጣበቁባት ቦታ አለች አይደል፣ እሷ ናት። እና ሰው የሚወዛወዘው መቼ ነው? ልክ እሷ ጋ ሊደርስ ሲል። ዳሌውን ወደ ፊት ገፋ ያደርጋል፣ ጀርባውን ወደ ኋላ ይለጥጣል፣ ዳምቤሉ ፍጥነት ያገኝና ያቺን ከባድ ቦታ በግፊት ያልፋታል። ማለት ባይሴፕሱ ከሁሉም በላይ መስራት በነበረበት ሰከንድ ላይ እረፍት ተሰጠው፣ ወገቡ ደግሞ ያልታሰበ ጫና ተቀበለ። ለዚህ ነው መወዛወዝን እንደ ትንሽ ጥፋት የማላየው፣ እንቅስቃሴውን ከነ ፋይዳው ነው የሚያጠፋው።

እሺ ወደ አሰራሩ እንግባ። እግራችሁን በዳሌ ስፋት ከፍታችሁ ቁሙ፣ ጉልበታችሁ ጭራሽ ተቆልፎ አይቁም፣ ትንሽ ላላ ይበል። መቀመጫችሁንና ሆዳችሁን ጠበቅ አድርጉ፣ ይሄ ወገባችሁ እንዳይለጠጥ የሚይዘው ነገር ነው። ትከሻችሁን ወደ ጆሮ ሳይሆን ወደ ታችና ትንሽ ወደ ኋላ አድርጉት፣ ደረት ቀና ይበል። ዳምቤሎቹ ከጎናችሁ ተንጠልጥለዋል፣ ክርናችሁ ከጎድን አጥንታችሁ አጠገብ ነው፣ ግን ወደ ጎድናችሁ አጥብቃችሁ አትለጥፉት፣ መጠጋቱ ብቻ ይበቃል። አንዳንድ ሰው ክርን አይንቀሳቀስ ሲባል ብብቱ ስር ፎጣ የያዘ ያህል ይጨብጠዋል፣ ያ ትከሻን ያስጨንቃል እንጂ ለባይሴፕስ የሚጨምረው ነገር የለም።

ከዛ አንሱት። ክርኑን እንደ በር ማጠፊያ አስቡት፣ ማጠፊያው ግድግዳው ላይ እንዳለ ነው፣ የሚንቀሳቀሰው በሩ ብቻ ነው። በዳምቤል ከሆነ መዳፋችሁ ወደ ሰውነታችሁ እያየ ጀምራችሁ እያነሳችሁ ማዞር ትችላላችሁ፣ ወይም ከመጀመሪያው ወደ ፊት አዙራችሁ መጀመር ትችላላችሁ፣ ሁለቱም ልክ ነው። የምታዞሩ ከሆነ ግን አንድ ትንሽ ነገር ልጨምር፣ ዳምቤሉን መሃሉ ላይ ከመያዝ ይልቅ አውራ ጣትና ሌባ ጣት ያሉበት ጎን ወደ ዳምቤሉ ራስ ጠጋ ብሎ ያዙት፣ ያኔ በትንሿ ጣት በኩል ያለው ጎን ይከብዳል፣ መዳፉን ስታዞሩ ያንን ከባዱን ጎን እያነሳችሁ ነው ማለት ነው፣ ስለዚህ ማዞሩ ራሱ ጫና ያለው ስራ ይሆናል። መሃል ላይ ስትይዙት ግን ማዞሩ ባዶ ነው፣ የሚከለክለው ነገር የለም።

የት ድረስ ነው የሚነሳው የሚለው ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። ዳምቤሉን ትከሻ ማስነካት ግዴታ አይደለም። ክርናችሁ ከቦታው ሳይሄድ እስከሚታጠፍበት ድረስ ነው የምትወስዱት፣ ከዛ በላይ ልውሰደው ስትሉ ክርኑ ወደ ፊት ይወጣል፣ ክርኑ ወደ ፊት ሲወጣ ደግሞ የታችኛው ክንድ ቀጥ ብሎ ይቆምና ዳምቤሉ ልክ ክርኑ አናት ላይ ይቀመጣል። ያኔ ጫናው በአጥንት ላይ ነው ያለው፣ ጡንቻው አርፏል፣ ክንዱን ወደ ፊት ያነሳው ደግሞ በአብዛኛው የፊተኛው ትከሻ ነው። መጨረሻ ላይ በትንሹ ወደ ፊት ቢሄድ ሀጢያት አይደለም፣ ሰው ማሽን አይደለም፣ ችግሩ ገና ከመጀመሪያው ክርኑ ከጎን ተነስቶ ከደረት ፊት ሲደርስ ነው። ላይ ስትደርሱ አንድ ሰከንድ ጨበጥ አድርጉት፣ ባይሴፕሱ ሲኮማተር እየተሰማችሁ።

አሁን መውረዱ። እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ምክንያቱም ከመወዛወዝ ቀጥሎ በብዛት የሚባክነው ይሄ ነው። ሰው አንስቶ ከጨረሰ በኋላ ስራው ያለቀ ይመስለዋልና ዳምቤሉን ይለቀዋል፣ በመሬት ስበት ይወርዳል። ጡንቻ ግን ተጭኖ እየተዘረጋ ሲወርድም እየሰራ ነው፣ እንዲያውም ሊያነሳው ከሚችለው በላይ ክብደት ተቆጣጥሮ ማውረድ ይችላል፣ ስለዚህ መውረዱ ከመነሳቱ ያነሰ ስራ አይደለም። 2 ወይም 3 ሰከንድ ስጡት፣ ከዛ በላይ እያዘገሙ ማውረድ እምብዛም ተጨማሪ ነገር አያመጣም። እና እስከ ታች ድረስ አውርዱት፣ ክርኑ እስኪዘረጋ ድረስ፣ ግን ቋ ብሎ እንዲወድቅ ሳይሆን በቁጥጥር። ብዙ ሰው 90 ዲግሪ አካባቢ ሲደርስ ተመልሶ ያነሳል፣ ከባድ ብረት ስለያዘ ከታች መጀመር ስለማይችል ነው። ጡንቻ ተዘርግቶ ባለበት ቦታ ላይ ጫና ማግኘቱ ለእድገት በጣም ይጠቅማል፣ በቅርብ ዓመታት የተሰሩ ጥናቶችም በተደጋጋሚ ወደዛ ነው የሚያመለክቱት፣ ስለዚህ የታችኛውን ግማሽ መቁረጥ ማለት ጠቃሚውን ግማሽ መቁረጥ ነው።

የእጅ አንጓ ቀጥ ይበል። ወደ ኋላ ከታጠፈ አንጓው ይጎዳል፣ ወደ ውስጥ ከተጠቀለለ ደግሞ የታችኛው ክንድ ጡንቻዎች ስራውን ይሻማሉ፣ ያ ሲደጋገም በክርን የውስጥ ጎን ላይ ያለች አጥንት አካባቢ ህመም ሊያመጣ ይችላል። በባርቤል (በሁለት እጅ በሚያዘው ረጅም ብረት) ስትሰሩ ቀጥ ያለው ባር አንጓችሁን ካስጨነቀ ጠመዝመዝ ያለው ኢዜድ ባር አለ፣ መዳፉ ትንሽ ወደ ውስጥ ዘንበል ስለሚል ለአንጓ ይመቻል፣ በሱ ስሩና ተገላገሉ፣ ቀጥ ያለው ባር ላይ መጽናት ሽልማት የለውም። አተነፋፈሱ ቀላል ነው፣ ስታነሱ አስወጡ፣ ስታወርዱ አስገቡ፣ ትንፋሽ ይዞ ፊት እስኪቀላ ማንሳት አያስፈልግም።

ፎርማችሁ ትክክል መሆኑን እንዴት ታውቃላችሁ? ጀርባችሁንና መቀመጫችሁን ግድግዳ ላይ አስደግፋችሁ ስሩ፣ ተረከዛችሁ ከግድግዳው ትንሽ ወደ ፊት ይውጣ። ሁልጊዜ 12 ጊዜ የምታነሱትን ዳምቤል እዛ ላይ 7 ላይ ካቆማችሁ የቀሩትን 5 የምታነሱት በወገባችሁ ነበር ማለት ነው። ሌላው ስልካችሁን ከጎን በኩል በክርናችሁ ከፍታ አስቀምጡና ቅረጹ፣ ከፊት ያለ መስታወት ክርን ወደ ፊት መሄዱን በደንብ አያሳይም። ቪዲዮውን ስታዩ ዳምቤሉን አትዩ፣ ክርኑንና ዳሌውን ብቻ እዩ።

ኪሎ እንዴት ይመረጣል የሚለው ከዚህ በኋላ ቀላል ነው። ከ8 እስከ 12 ጊዜ በጥሩ ፎርም የምታነሱት፣ የመጨረሻዎቹ ሁለት ሶስት ደግሞ ሳትፈልጉ ፍጥነታቸው የሚቀንስ ክብደት ያዙ። 12 አድርጋችሁ ገና ወሬ ማውራት የምትችሉ ከሆነ ቀሏችኋል፣ 5ኛው ላይ ጀርባችሁ መለጠጥ ከጀመረ ከብዷችኋል። ዙሩ (ሳታርፉ በተከታታይ የምታነሱት) የሚያልቀው ፎርሙ ሲያልቅ ነው፣ በጥሩ ፎርም አንድ ወይ ሁለት ሲቀራችሁ ማቆም ለአብዛኛው ሰው በቂ ነው። በሁሉም ዙር 12 መድረስ ስትችሉ ኪሎ ጨምሩ። እዚህ ላይ ግን ከርል ከስኳት ይለያል፣ ከ10 ወደ 12 ኪሎ መሄድ ሁለት ኪሎ ብቻ ይመስላል እንጂ 20 በመቶ ጭማሪ ነው፣ ለትንሽ ጡንቻ ትልቅ ዝላይ ነው፣ ብዙ ሰው መወዛወዝ የሚጀምረውም ልክ እዚህ ጋ ነው። ስለዚህ ዝላዩ ከከበዳችሁ በዛው በ10 ኪሎ እስከ 15 ድረስ ሂዱ፣ ከዛ 12 ኪሎውን ከ8 ጀምሩት።

በሳምንት ሁለት ቀን፣ በቀን 3 ወይ 4 ዙር ለጀማሪ ይበቃል፣ በዙሮች መሃል አንድ ደቂቃ ተኩል ወይ ሁለት ደቂቃ እረፉ። ፑልአፕ፣ ሮው፣ ላት ፑልዳውን የመሳሰሉ የመጎተት እንቅስቃሴዎች የምትሰሩ ከሆነ እዛም ላይ ባይሴፕስ እየሰራ መሆኑን አትርሱ፣ በየቀኑ ከርል መጨመር ጡንቻው የሚያርፍበትን ጊዜ ነው የሚቀማው።

ስለ ዓይነቶቹ በአጭሩ፣ ወደ ኋላ ዘንበል ባለ ቤንች ላይ ተቀምጦ የሚሰራው ኢንክላይን ከርል ክንዱ ከሰውነት ኋላ ስለሚንጠለጠል በተለይ ረጅሙን ራስ ይዘረጋዋል፣ ኪሎ ቀንሱለት። ክንድ ተደግፎ የሚሰራው ፕሪቸር ከርል መወዛወዝን ይከለክላል፣ ከባድ የሚሆነው ግን ታች አካባቢ ነው፣ ስለዚህ ታች ላይ በድንገት መልቀቅ አደገኛ ነው። በኬብል (በገመድ በሚጎተት ማሽን) መስራት ደግሞ ጫናው መሃል ላይ ብቻ እንዳይሰበሰብ ያደርጋል። ሁሉንም በአንድ ቀን መስራት አያስፈልግም፣ አንድ ሁለቱ ይበቃሉ።

ህመምን በተመለከተ መለየት ያለባችሁ ነገር አለ። ጡንቻው ሲቃጠል እና በማግስቱ ወይ በሶስተኛው ቀን ሲያም ጤነኛ ነገር ነው። ስለታም ሆኖ አንድ ቦታ ላይ የሚወጋ፣ በተለይ ትከሻ ፊት ላይ የረጅሙ ራስ ጅማት በሚያልፍበት ቦታ ወይም ክርን መታጠፊያ ላይ ከሆነ ግን አቁሙ፣ አሳዩት። ከባድ ነገር እያወረዳችሁ ድንገት ጷ የሚል ነገር ከተሰማ፣ ከዛም ቦታው ከበለዘ ወይም የጡንቻው ቅርጽ ከተቀየረ ጅማት ተበጥሶ ሊሆን ይችላል፣ በክርን በኩል ከሆነ ደግሞ ቀዶ ጥገና የሚያስፈልገው ከሆነ ቶሎ ሲሰራ ነው የሚሻለው፣ ነገ ይሻለኛል ብላችሁ ሳምንታት አታሳልፉ። ሌላው፣ ለጀማሪዎች በተለይ፣ በመጀመሪያው ቀን ክንድ እስኪዝል ሃያ ምናምን ዙር የሚሰራ ሰው አለ። ከዛ በኋላ ክንድ በጣም አብጦ አልዘረጋ ካለና ሽንት እንደ ኮካ ከጠቆረ ጡንቻው ፈርሶ ኩላሊትን እየጎዳ ሊሆን ይችላል፣ ያ የቤት እረፍት ጉዳይ አይደለም፣ ሰዓት ሳታባክኑ ሀኪም ቤት ሂዱ። ይሄን የምለው ላስፈራራ አይደለም፣ በቀስታ የጀመረ ሰው ላይ ብዙም የሚደርስ ነገር አይደለም።

አንድ ሁሌ የሚመጣ ጥያቄ ቀርቶኛል፣ አንዱ እጄ ከሌላው ይደክማል ምን ላድርግ የሚል። አብዛኛው ሰው ትንሽ ልዩነት አለው። ባርቤሉን ለጊዜው ተዉትና በዳምቤል አንድ በአንድ ስሩ፣ ሁልጊዜ በደካማው እጅ ጀምሩ፣ እሱ በጥሩ ፎርም 9 ላይ ካቆመ ጠንካራውም ሌላ ሶስት መጨመር ቢችል እንኳ 9 ላይ ይቁም።